ከክሯሳን ያስኮበለለኝ ኬክ፦ ስለ ቅቤና ሊጥ ጠይቁኝ

ሰላም ድሬዎች። ሃያ ዓመት ክሯሳን፣ ያንን በቅቤ የተነባበረ ዳቦ፣ ጋግሬያለሁ፤ ከሱ የሚበልጥ የለም ስልም ኖሬያለሁ። ባለፈው ወር ጅቡቲ የሚሠራው የእህቴ ልጅ በካርቶን አንድ ክብ ነገር ይዞልኝ መጣ። ኩዊኛማን ይባላል። ላዩ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል፣ ውስጡ እርጥብ ነው፣ ታቹ የተቃጠለ ስኳር ሆኖ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ፍርፋሪውን ከካርቶኑ በጣቴ ለቅሜ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ ክሯሳን ዳቦ ዳቦ ይለኛል። ዛሬ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ በንጥር ቅቤ አይሠራም።

የሳቢያኗ፦ ጋሼ፣ ስሙ ምን ማለት ነው? «አማን ነው?» ብለን ሰላም እንበለው እንዴ?

መልስ፦ ሃሃ! የመጣው ከብሪታኒ ነው፣ ከፈረንሳይ ምዕራብ ዳርቻ። እዚያ ብሬቶን የሚባል የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። «ኩዊን» ኬክ ነው፣ «አማን» ቅቤ። ዱዋርኔኔ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ በ1860 አካባቢ ተጀመረ ይባላል።

አቦ ከዚራ፦ ለስኳር በሽተኛ ይሆናል?

መልስ፦ ሐኪምህን ጠይቅ።

ሚሚ፦ ቤት ውስጥ ንጥር ቅቤ ሞልቶ ለምን የገበታ ቅቤ እገዛለሁ? ምክንያቱን ንገሩን።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ ቁጭ በሉ። የገበታ ቅቤ ውስጥ ከመቶ 16 ገደማ ውሃ አለ። ምድጃ ሲገባ ያ ውሃ እንፋሎት ይሆንና አንዱን የሊጥ ገጽ ከሌላው ያላቅቀዋል። ንጥር ቅቤ ውሃው አልቋል። ሊጡ ውስጥ ይሰርግና የምታወጪው ቅባታም ቂጣ ይሆናል። ብሪታኒዎቹ ጭራሽ ጨው ያለበት ቅቤ ነው የሚጠቀሙት። የድሮው ልክ በክብደት ሊጥ 40 እጅ፣ ቅቤ 30፣ ስኳር 30 ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።

ሌላው የድሬ ሙቀት ነው። ቅቤ 32 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፣ የእኛ ቀን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳለሁ። ሊጡን ዳምጬ ቅቤውን እጠቀልልበታለሁ፣ ሦስት ቦታ አጥፌ ፍሪጅ፣ እንደገና አጥፌ ፍሪጅ። ሦስት ጊዜ ካጠፋችሁት 27 የቅቤ ንብርብር ይሆናል። ስኳሩ የሚገባው በመጨረሻው እጥፋት ብቻ ነው። ስኳር ውሃ ይስባል፤ ቀድሞ ከገባ ሊጡ ያለቅሳል። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶብኝ ፍሪጁ ሞቀ። ቅቤው በክርኔ እየወረደ ነጋ።

የጀጎል ልጅ፦ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ሐረር ኑና ፈጢራ ብሉ። እሱም ተነባብሮ ነው፣ እንቁላልና ማር አለው፣ ሌሊት ማንም አይነሳለትም።

የለገሃሬ ልጅ፦ ፈጢራ እኛም ጋ አለ አቦ፣ ሐረር ብቻ አታድርጉት። ደግሞ የፈረንሳይ ነገር ከተነሳ ድሬ ትቅደም፣ ለገሃሬ ራሱ «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያ) ከሚለው ቃላቸው ነው የመጣው። ባቡሩ በ1895 እዚህ ገባ።

አቦ ከዚራ፦ 1902 ነው፣ አታሳስት።

የለገሃሬ ልጅ፦ በፈረንጅ 1902፣ በእኛ 1895! ታኅሣሥ ላይ! ያው ነው!

መልስ፦ ባቡሩን ተዉትና ወደ ሊጡ ተመለሱ። ፈጢራ ግሩም ነው፣ ግን እርሾ የለውም፣ ዝምድናቸው የሩቅ ነው። ክሯሳንም ቢሆን መነሻው ቪየና ነው። አውጉስት ዛንግ የሚባል ኦስትሪያዊ በ1830ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ዳቦ ቤት ከፍቶ ነው ያስለመዳቸው።

ፌቨን፦ የጾም አለው?

መልስ፦ ስሙ ራሱ ቅቤ ነው እያልኩሽ! በጾም ሳምቡሳ ብዪ።

ኑረዲን፦ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ኑረዲን፦ በአጭሩ።

መልስ፦ በአጭሩ አይሠራም።

አቦ ከዚራ፦ የት ይሸጣል? ስንት ነው?

መልስ፦ እኔ ሻጭ አይደለሁም።

የጀጎል ልጅ፦ ጋሼ፣ ንጥር ቅቤው ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ ባደርግበትስ?

መልስ፦ ወላሂ ታደክሙኛላችሁ! ውሃው ቅቤው ውስጥ ተበትኖ ነው መኖር ያለበት። ከላይ ጠብ ብታደርግበት ሳይዋሃድ ለብቻው ይቀራል። በንጥር ቅቤ አይሠራም! ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።

ሰሚራ፦ እኔ ትናንት ሞክሬው ቆርቆሮው ላይ ተጣብቆ ቀረ። በቢላ ብታገለውም እንቢ አለኝ።

መልስ፦ ጎሽ፣ የሞከረ ሰው ተገኘ። ስኳሩ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል። ከምድጃ እንደወጣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂና ሳይበርድ ገልብጪው። በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው፣ የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውሃ ይብሳል። አሁን የደረቀውን ምድጃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ መልሰሽ አሙቂው፣ ይለቃል። ላዩ ተሰነጣጥቆ ነበር? ውስጡስ ተነባብሯል?

ሰሚራ፦ አልተነባበረም። ጠፍጣፋ ሆነ፣ ዘይት ዘይት ይላል።

መልስ፦ ቅቤው የምን ነበር?

ሰሚራ፦ እማዬ ያነጠረችው።

መልስ፦ ወጥቻለሁ።