ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የልጄ ሳል የዕድገት ዋጋ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ8 ዓመት ልጄ አስም አለባት። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ፋብሪካ መብራት በጠፋ ቁጥር የናፍጣ ጄነሬተር ያስነሣል፤ ያን ዕለት ማታ ሳሏ ይብሳል። ባለቤቴ የሚሠራው እዚያው ነው፤ «አገር የሚያድገው እንዲህ ነው፣ ያለ ጭስ ሥራ የለም» ይላል። እኔ የማበስለው በከሰል ነው። ጭሱን ችሎ መኖር ግድ ነው? ልጄንስ እንዴት ልጠብቃት?

መልስ፦ ባለቤትዎ ከእውነቱ ግማሹን ይዘዋል። ኃይል በሌለበት ጤና አይታሰብም፤ ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀመጡት፣ የኦክስጅን ማሽን የሚሠራው በመብራት ነው። ኃይል በጣም በሚያንስባቸው አገሮች ፍጆታው ጥቂት ከፍ ሲል የሰው ዕድሜ አብሮ ይረዝማል። ብዙ በሚጠቀሙት ዘንድ ግን ተጨማሪው ፍጆታ ለዕድሜ የሚጨምረው እምብዛም ነው። ሳንባ የሚጎዳው ደግሞ ከኃይሉ ይልቅ ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ለንደን ላይ ለ5 ቀናት የተኛው የድንጋይ ከሰል ጭስ ቢያንስ 4,000 ሰው ጨረሰ። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፤ በ2024 ብሪታንያ የመጨረሻውን የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ዘጋች፤ በመሀል የተቀዛቀዘባቸው ዓመታት ቢኖሩም በዚህ ሁሉ ጊዜ ኢኮኖሚዋ በአጠቃላይ አድጓል። አሜሪካም ከ1970 እስከ 2020 ዋና ዋናዎቹን የአየር በካዮች ከ70 በመቶ በላይ ስትቀንስ ኢኮኖሚዋ ከ3 እጥፍ በላይ አድጓል። ስለዚህ «ያለ ጭስ ሥራ የለም» የሚለውን አልቀበልም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ጭስ ማውጫ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ ጥላሸቱን ቢይዝም የምድርን ሙቀት የሚጨምረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይዝም። ለእሱ መፍትሔው የሚቃጠለውን ነዳጅ ራሱን መቀነስ ነው።

ልጅዎን የሚያስላት በአብዛኛው ከ2.5 ማይክሮን ያነሰው ብናኝ ነው፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ይቀጥናል። አፍንጫ አያስቀረውም፣ እስከ ሳንባ ጫፍ ይወርዳል፣ በጣም ደቃቁም ወደ ደም ይገባል፤ አዋቂ ላይ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ የሚዳርገውም ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ብናኙን የጨርቅ ማስክ አያቆመውም።

አሁን ወደ ጄነሬተሩ። ባለቤትዎ ከውስጥ ስለሆኑ ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥቁር ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ፋብሪካው ገንዘብ የከፈለበት ነዳጅ በጭስ ማውጫ እየወጣ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ያረጀ ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ክፍል) ወይም ከአቅም በላይ ጭነት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ትልቅ ጄነሬተርን ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ለረጅም ሰዓት ማሠራትን ነው፤ ሞተሩ በበቂ ስለማይሞቅ ያልነደደ ነዳጅ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጭሱም ይበረታል። የጥላሸት ማጣሪያ ሊገጠም ይችላል፤ ሆኖም ድኝ የበዛበት ናፍጣ ያበላሸዋል። ጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ወጥቶ ወደ ላይ መተንፈስ አለበት፤ ወደ ቤትዎ መስኮት መዞር የለበትም።

የፋብሪካውን ስንል ግን የቤቱን እንዳንረሳ። ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ደህና ይመስላል። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ ይጣበቃል፣ ሽታም የለውም። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው፣ ውጭ ያብስሉ፤ ካልተቻለ ፊት ለፊት ያሉ በርና መስኮት ከፍተው፣ ልጅቷ ሌላ ቦታ ትሁን። የቤቱ ሰው ሁሉ ራሱን አሞት፣ አቅለሽልሾት፣ ውጭ ሲወጣ ከቀለለው ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ውጡና ወደ ሐኪም ሂዱ። ቢቻል ወደ ኤሌክትሪክ ወይም ወደ ጋዝ ምድጃ ይቀይሩ።

ለልጅዎ፦ ጄነሬተሩ ሲነሣ በዚያ በኩል ያለው መስኮት ይዘጋ፣ ሲጠፋ ይከፈት። ንፋስ በሌለበት ቀዝቃዛ ማለዳና ምሽት ጭሱ ወደ መሬት ስለሚተኛ ሩጫና ጨዋታ በእኩለ ቀን ይሻላል። ማስታገሻውን ፓፍ በሳምንት ከ2 ቀን በላይ የምትፈልግ ከሆነ አስሟ በቁጥጥር ሥር አልዋለም፤ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ፓፍ ስለሚያስፈልጋት ሐኪሟ ይያት። በስፔሰር (ፓፉ ጫፉ ላይ በሚገጠምበት ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ) ይስጧት፦ ያናውጡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፣ 5 ወይም 6 ጊዜ ትተንፍስበት፣ ከዚያ ቀጣዩ። ሁለት ጊዜ በአንድ ላይ መንፋት መድኃኒቱን ስፔሰሩ ግድግዳ ላይ ያስቀረዋል።

ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት፣ የጎድን አጥንቶቿ መሀል ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ድንገተኛ ነው። ማስታገሻውን በየ30 እስከ 60 ሰከንዱ አንድ አንድ፣ እስከ 10 ድረስ እየሰጧት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።