መልስ፦ መጀመሪያ ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ማከራየት ወይስ መኖሪያ ቤት?

ወንድሜ፣ ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ገዝተህ እያከራየህ፣ አንተ ግን ተከራይተህ እየኖርክ ለመኖሪያ ቤት ማጠራቀም ያዋጣ እንደሆነ ነው የጠየቅከው። ሁለቱ ኪራዮች ከተቀራረቡ አያዋጣም። ከምትቀበለው ላይ የኪራይ ገቢ ግብር፣ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ፣ ተከራይ በለቀቀ ቁጥር የቀለምና የቧንቧ ወጪ ይነሳል። ራስህ ብትገባበት ግን የቀረልህ ኪራይ ግብር የለበትም።

ከሒሳቡ ይልቅ የሚያስፈራው ወረቀቱ ነው። በዕጣ የተገኘ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም፤ ደላላው ታዲያ «በውክልና እንጨርሰው» ይልሃል። እሺ እንዳትል! ውክልና ሽያጭ አይደለም። ሰጪው ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮት ያበቃል፣ አንተም ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትመላለሳለህ። ጊዜው የሞላም ቢሆን ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን እይ፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ከባንኩም ከከተማው አስተዳደርም አጣራ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይሁን፣ ቀሪውን ገንዘብ ስም ሲዞር ክፈል።

ቤቱን ስታይ የጎንደርን የውሃ ነገር አትርሳ። ውሃ በሚመጣበት ቀን ሂድና ቧንቧውን ክፈት፤ ላይኛው ፎቅ ግፊቱ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሮቶና ፓምፕ ካለ የግል ነው የጋራ ብለህ ጠይቅ። የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ቢጫ ክብ ካለበት ከላይ ያለው ጎረቤት ያፈሳል ማለት ነው፤ አዲስ ቀለም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ከተቀባም ያው ነው።