ማመልከቻው ላይ የአለቃሽን ስም አትጥሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሰርጂካል ዋርድ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ነርስ ሆነሽ ትሠሪያለሽ። ሄድ ነርሷ፣ የክፍሉ ነርሶች ኃላፊ፣ ጥርስ ነክሳብሻለች። የበዓል ናይት (የሌሊት ተራ) ሁሉ አንቺ ላይ ይወድቃል፣ አስታማሚ ፊት ትጮህብሻለች፣ የመጨረሻው የአፈጻጸም ውጤትሽም ወርዷል። ሌላ ሆስፒታል ለመዛወር አስበሽ «ምክንያቱን በግልጽ ልጻፍ? እሷ አልፈርምም ብትልስ?» ብለሻል።

እኔም አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ነኝ። አሁን ያለሁበት የመጣሁት እንዲህ ካለች ኃላፊ ሥር በዝውውር ወጥቼ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

ምክንያቱን አትጻፊው። «ከቅርብ ኃላፊዬ ጋር ባለመግባባት» የሚል ነገር ካስገባሽ፣ ተቀባዩ የሚያነበው ስለ አንቺ እንጂ ስለ እሷ አይደለም። እዚያ ያለው የሰው ኃይል ሠራተኛ አያውቅሽም። በእጁ ያለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። «ይቺ ደግሞ ምን ይዛብን ትመጣ ይሆን» ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል። ውሸትም አያስፈልግሽም። ካሉሽ እውነተኛ ምክንያቶች ውስጥ ማንንም የማያስቆጣውን ምረጪ። እኔ የጻፍኩት የቤቴን ርቀት ነው። ጀሞ ገብተን ስለነበር ናይት ያደርኩ ቀን ታክሲ ውስጥ እያንቀላፋሁ ነበር የምገባው። ያንን ማን ይቃወማል?

በደሉን ዋጥ አድርጊው እያልኩሽ ግን አይደለም። እሱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለለት። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ አታገናኚያቸው ነው የምልሽ።

ከጩኸቷ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ አፈጻጸምሽ ነው። ጩኸቱ እዚያው ዋርዱ ውስጥ ይቀራል። ውጤቱ ግን ማህደርሽ ውስጥ ገብቶ ይከተልሻል፤ የምትሄጂበትም ቤት ቶሎ የሚጠይቅሽ እሱን ነው። የስድስት ወሩ ቅጽ ሲመጣ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ስለተባልሽ ብቻ አትፈርሚ። የሠራተኛው አስተያየት የሚል ቦታ ካለው ባዶውን አትተዪው፤ ብዙዎቻችን እንተወዋለን። «በውጤቱ አልተስማማሁም» ብለሽ ምክንያቱን በሁለት መስመር ጻፊና ከዚያ ፈርሚ። ኮፒውን ያዢ።

የዱቲ (የተረኝነት) ፕሮግራሙንም በየወሩ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የኛ ነርስ ስቴሽን ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ፕሮግራም በኮሬክተር ብዛት ወረቀቱ ወፍሮ ነበር። ጠዋት ኦፍ የነበርሽበት ቀን ከሰዓት በኋላ ናይት ሆኖ ይጠብቅሻል። የፋሲካ ዋዜማ ናይት የማን እንደነበረና እንዴት አንቺ ጋ እንደመጣ በአፍሽ ብትናገሪ «ሆደ ባሻ ናት» ይሉሻል። የመጀመሪያውንና የተቀየረውን ጎን ለጎን ስታሳዪ ግን የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ ኃላፊ የሆነችው ሜትሮኗም የምትመልሰው ይጠፋታል። የበሽተኛ ስም ያለበት ሰሌዳ ወይም ቻርት ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቂ፤ በዚያ ከያዙሽ ጥፋተኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ።

ወደ ፊርማው ልምጣ። እሷን ዘለሽ ቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ጋ ብትሄጂ «በቅርብ ኃላፊሽ በኩል ይምጣ» ተብሎ ይመለስልሻል፤ እሷም ትሰማለች። ለሜትሮኗ ጻፊው፣ ለሰው ኃይል ግልባጭ አድርጊ፣ መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ተቀበዪ። ከዚያ ለሄድ ነርሷ ራስሽ ስጪያት። ያኔ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ አይቀርም። እምቢም ቢሉ ጽፈው ነው።

ደግሞ አትደነቂ፣ ዓይንሽን ማየት የማትፈልግ አለቃ ፈጥና ልትፈርም ትችላለች። ለሷም ግልግል ነው። ከሷ ይልቅ የሚያስቸግረው «የሚተካሽ ሰው የለንም» የሚለው መልስ ነው። ለዚህ ተቀያሪ ፈልጊ። በሙያም በደረጃም እኩያሽ የሆነ፣ ወደ አንቺ ሆስፒታል መምጣት የሚፈልግ ነርስ ካገኘሽ ሁለቱም ቤት ሰው አይጎድልበትም። የነርሶች ቴሌግራም ግሩፖች ላይ «ተቀያሪ እፈልጋለሁ» የሚል ሞልቷል። ስለ ሄድ ነርሷ ከጠየቀሽ ግን አትዋሺው። ለሱ ከቤቱ ቅርብ መሆኑ ከሷ ፀባይ ሊበልጥበት ይችላል።

አዲስ አበባ ከሆንሽ በከተማው ጤና ቢሮ ሥር ባሉት መካከል፣ ለምሳሌ ከራስ ደስታ ወደ ዘውዲቱ ወይም ወደ ጋንዲ፣ ነገሩ ይቀላል። በጤና ሚኒስቴር ሥር ወዳሉት ወደ ጳውሎስ ወይም አለርት ከሆነ ግን አሠሪሽም ይለወጣል፤ ደብዳቤው ይበዛል። ክልል ከሆንሽ የክልልሽን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅና መመሪያ ነው የምታዪው።

እኔን ብትጠይቂኝ ግን መጀመሪያ እዚያው ክፍል መቀየሩን እሞክር ነበር። ያስመረረሽ አንድ ሰው ነው፣ ሆስፒታሉ አይደለም። ድንገተኛ ወይም ኦፕሬሽን ክፍል ቦታ ካለ ሜትሮኗ በአንድ ደብዳቤ ትጨርሰዋለች። መጀመሪያ ከዚያ ክፍል ልጆች ጋር ሻይ ጠጪ። «ሄዷ እንዴት ናት?» አትበያቸው፤ «ጥሩ ናት» ብለው ያልፉሻል። ኦፍ ለመቀያየር ማንን እንደሚያስፈቅዱ፣ ናይት ስንት ሆነው እንደሚያድሩ፣ ባለፈው ገና ማን እንደገባ ጠይቂያቸው።

በንዴት መልቀቂያ ማስገባቱን ግን እርሺው። የግል ሆስፒታል ደሞዙ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። እዚያ የምትተዳደሪው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛው ሥራ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ነው፤ መንግሥት ቤት በ39 ነው የለመድሽው። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሲሆን በዚያ ውስጥ ካልተመቸሻቸው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ተረጋግተሽ አስበሽበት ከሄድሽ ሌላ ነገር ነው።

ዝውውሩ ከተሳካልሽ ክሊራንስ ላይ፣ ማለትም በእጅሽ ያለውን ንብረት አስረክበሽ ስትወጪ፣ አትቸኩዪ። በስምሽ የተመዘገበ ቢፒ አፓራተስም (የደም ግፊት መለኪያ) ሆነ የመድኃኒት ቁም ሣጥን ቁልፍ ለማን እንዳስረከብሽ አስፈርሚ። ያኮረፈች ኃላፊ ሰው የምታጉላላው እዚያ ላይ ነው።

ከተማሽንና ደረጃሽን እዚሁ ጻፊልን፣ ከመካከላችን ተቀያሪ አይጠፋም።