ሩዋንዳ ወይስ ኡጋንዳ? የኔ ሐሳብ

ሰላም እህቴ። ጎሪላና ቺምፓንዚ አይታችሁ ኬንያ ወዳለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ፣ ማሳይ ማራ፣ ልትሻገሩ ነው፤ የጎሪላው ነገር ሩዋንዳ ይሻላል ወይስ ኡጋንዳ ብለሻል። ለገንዘቡ የምታስቡ ከሆነ ክርክር የለውም፣ ኡጋንዳ። ለውጭ ጎብኚ የሩዋንዳ የጎሪላ ማያ ፈቃድ 1,500 ዶላር ነው፣ ኡጋንዳ ያለው የጎሪላ ጫካ የብዊንዲ ደግሞ 800። የምታዩት ያው የተራራ ጎሪላ ነው፤ አጠገባቸው የምትቆዩትም ሁለቱም ጋ አንድ ሰዓት ብቻ።

ችግሩ ከኢንቴቤ፣ ከኡጋንዳው አየር ማረፊያ፣ እስከ ብዊንዲ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ነው። ኪጋሊ ውረዱና በድንበሩ ግቡ፣ በጣም ያጥራል። ለዚህ መንገድ የሚመቸው ሩሻጋ የሚባለው የብዊንዲ መግቢያ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ እዚያው ኡጋንዳ ወዳለው የኪባሌ ጫካ ለቺምፓንዚ፤ በኢንቴቤ ወደ ናይሮቢ።

የብዊንዲ ጫካ ቀላል እንዳይመስልሽ። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጭቃው ያንሸራትታል፣ የምትይዢው ቅጠል ሳማ ሊሆን ይችላል። ወፍራም ጓንት ያዢ። ሱሪሽን ካልሲ ውስጥ ክተቺው፣ ጉንዳኑ አይጣል ነው። ቦርሳ የሚይዝልሽ የአካባቢው ልጅ ቅጠሪ፤ ዳገቱ ላይ እጅሽን ይዞ የሚጎትትሽ እሱ ነው። ጉንፋን ከያዘሽ ግን አያስገቡሽም፤ በሽታችን ወደ ጎሪላዎቹ ይተላለፋል።

ቪዛ ካስፈለጋችሁ፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን የሚያካትት የጋራ የቱሪስት ቪዛ አለ፣ 100 ዶላር፣ ለ90 ቀን። መጀመሪያ ከምትገቡበት አገር ነው የሚጠየቀው። ታንዛኒያ የለችበትም፤ ሴሬንጌቲ ካማራችሁ ለብቻ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም አትርሺ።

ማሳይ ማራ ላይ የዊልደቢስቱን (የትልቁን ሣር በል የዱር እንስሳ) መንጋ የማራን ወንዝ ሲሻገር ለማየት ከሐምሌ እስከ መስከረም ሂዱ። ለብዊንዲም ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ወቅት ነው፤ የኛን ክረምት አታስቢ።