ባኽም ገልባጭ ነበር

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን መደርደሪያዬን ሳጸዳ አንድ አሮጌ ደብተር እግሬ ላይ ወደቀ። ሽፋኑ ተልጧል። ውስጡ በማስመሪያ የተሰመሩ አምስት አምስት መስመሮች አሉ፤ መስመሮቹ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ተደርድረዋል። የባኽ ሙዚቃ ነው። የእጅ ጽሑፉ ግን የእኔ ነው።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ለክፍሉ በሙሉ ያለን አንድ የኖታ መጽሐፍ ነበር። ፎቶ ኮፒ እኛ ዘንድ አልደረሰም። መምህራችን "ገልብጡ" ይላል፣ እንገለብጣለን። እየተነጫነጭን ነው ታዲያ። ቫዮሊን ልንማር መጥተን የቀበሌ ጸሐፊ አደረገን እያልን እናማው ነበር። (ገልባጭ ስል አሸዋ የሚያራግፈውን መኪና እንዳታስቡብኝ።)

ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቫዮሊን አስተማርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እናንተ ግን መጠየቅ አልተዋችሁኝም። ጥያቄዎቻችሁ ዞረው ዞረው ሁለት ናቸው። "ጋሼ፣ ተሰጥኦ አለኝ?" እና "ጋሼ፣ አልረፈደብኝም?"

ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። አንድ ጊዜ የ19 ዓመት ልጅ ልማር ብሎ መጣ። ቀስቱን እንኳን በቅጡ አልያዘም። ሁለት ወር አስተማርኩት። ከዚያ አንድ ቀን፣ ደክሞኝም ነበር፣ "የእኔ ልጅ፣ ይህ ነገር በልጅነት ካልተጀመረ አይሆንም፤ ተሰጥኦም ይጠይቃል" አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ቫዮሊኑን በጥንቃቄ ሳጥኑ ውስጥ አስገባና ወጣ። አልተመለሰም። ለስንት ዓመት የባኽንና የቤትሆቨንን ሕይወት ለተማሪ ስተርክ ኖሬ፣ የተረክሁትን ራሴ አልሰማሁትም ነበር ማለት ነው።

እስቲ አሁን በደንብ ልተርከው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1685 ጀርመን ውስጥ አይዘናኽ በምትባል ከተማ ተወለደ። አስር ዓመት ሳይሞላው እናትም አባትም ሞቱበት። ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ገባ። ወንድሙ ኦርድሩፍ በምትባል ትንሽ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነው። የዘመኑን ታላላቅ ደራሲዎች ሥራ የሰበሰበበት አንድ ደብተር ነበረው፤ ለልጁ ግን ከለከለው። ደብተሩ የሚቀመጠው በፍርግርግ በር በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ልጁ ሰው ሲተኛ ትንሽ እጁን በፍርግርጉ ያሾልክና ደብተሩን ጠቅልሎ ያወጣዋል። ሻማ የለውም። በጨረቃ ብርሃን፣ ስድስት ወር ሙሉ ገለበጠው። ጨርሶ ሊለማመድበት ሲል ወንድሙ ደረሰበትና ቅጂውን ቀማው።

ይህን የጻፉት የገዛ ልጁና አንድ ተማሪው ናቸው፤ ባኽ ከሞተ በኋላ በ1754 በወጣ የሕይወት ታሪኩ ላይ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ለእኔ ትንሽ ተረት ተረት ይሸተኝ ነበር። የጨረቃዋ ነገር በዛብኝ። ከዚያ በ2006 አንድ ዜና ተሰማ። ቫይማር ከተማ ውስጥ፣ ከሁለት ዓመት በፊት እሳት በጎዳው ቤተ መጻሕፍት ከተረፉት ጽሑፎች መካከል የባኽ የእጅ ጽሑፍ ተገኘ። እስካሁን ከሚታወቀው ሁሉ የቀደመ ነው። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የራሱ ድርሰት አይደለም። ቡክስተሁደና ራይንከን የሚባሉ የዘመኑ ታላላቅ ደራሲዎችን የኦርጋን ሥራዎች የገለበጠበት ነው። የመጀመሪያውን ሲገለብጥ የ13 ዓመት ልጅ ገደማ ነበር። ሁለቱም ለበሰለ ኦርጋን ተጫዋች እንኳን የሚከብዱ ሥራዎች ናቸው። ከባኽ እጅ የቀረልን የመጀመሪያው ወረቀት የሰው ሥራ ግልባጭ ነው እንግዲህ። ከዚያ ወዲያ ጨረቃዋንም አመንኩ።

ሃያ ዓመት ሲሞላው ደግሞ አርንሽታት በምትባል ከተማ ሥራ ይዟል። ያን ሥራውን የገለበጠውን ቡክስተሁደን በሕይወት እያለ ልስማው አለ። የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሉቤክ በእግሩ ሄደ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ በሉት። አራት ሳምንቱ ወደ አራት ወር ተጠጋ። ሲመለስ አለቆቹ አስጠርተው ገሠጹት። ስለ መቅረቱ ብቻም አልነበረም። "መዝሙሩ ውስጥ እንግዳ ድምፅ እያስገባህ ምእመኑን ግራ አጋባኸው" የሚል ክስ አለበት። እንግዳውን ድምፅ ከየት እንዳመጣው መገመት አያቅታችሁም።

መገልበጥ ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ ኖታው ስልካችሁ ውስጥ ነው፤ ሙዚቃውም ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ። ልክ ናችሁ። ግን ይህን ሞክሩልኝ። ባኽ ለጀማሪዎች ብሎ ያዘጋጃቸው 15 አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች አሉ፤ ኢንቬንሽን ይባላሉ። መጀመሪያ ለትልቁ ልጁ መማሪያ ነበር የጻፋቸው። በ1723 አጥርቶ ሲገለብጣቸው ርዕሱ ላይ ምን ብሎ ጻፈ፤ ሁለት ድምፅ አጥርቶ መጫወት ለመማር፣ በዚያውም ድርሰትን አስቀድሞ ለመቅመስ። የመጀመሪያውን አውጡና ብዕር አንሡ። ቀኝ እጅ ዶ ሬ ሚ ፋ ሬ ሚ ዶ ሶል ይላል። በቃ፣ ስምንት ድምፅ ናት። ገና ባሩ (በቋሚ ጭረቶች መካከል ያለው የኖታ ክፍል) ሳያልቅ፣ ሦስተኛው ምት ላይ፣ ግራ እጅ ያችኑ ስምንት ድምፅ ወፍራም አድርጎ ይደግማታል። ሦስተኛው ባር ላይ ስትደርሱ የምትወጣው መስመር ተገልብጣ ትወርዳለች። ስትሰሙት ይህ ሁሉ በጆሯችሁ አጠገብ ፉት ብሎ ያልፋል። ስትጽፉት ግን እጃችሁ ይደክማልና "ቆይ፣ ይህን ቅድም ጽፌው የለም እንዴ?" ትላላችሁ። ያኔ ባኽን ያዛችሁት። ሁለት ገጽ ሙዚቃ ከስምንት ድምፅ እንዴት እንደተሠራ ማንም ሳይነግራችሁ አያችሁ።

ዶ ሬ ሚ ካልኩ አይቀር፣ እሱም ታሪክ አለው። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በአውሮፓ መነኮሳት ዜማ የሚማሩት በቃል ነበር። ከቃሉ በላይ ትናንሽ ጭረቶች ይጽፋሉ፤ ጭረቶቹ ዜማውን ለሚያውቅ ያስታውሳሉ እንጂ ለማያውቅ አይነግሩም። የእኛን የድጓ ምልክት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጉዊዶ የሚባል፣ አሬዞ በምትባል የጣሊያን ከተማ ያስተምር የነበረ መነኩሴ በ1020ዎቹ ገደማ መላ አመጣ። ጭረቶቹን መስመር ላይና በመስመሮች መካከል አስቀመጣቸው። እያንዳንዷ መስመር የታወቀ ድምፅ ሆነች። ለመጥምቁ ዮሐንስ ከሚዘመር መዝሙር የየስንኙን መነሻ ፊደላት ወስዶ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ብሎ ለድምፆቹ ስም አወጣ። ኡት በኋላ ዶ ሆነች። አስር ዓመት ይፈጅ የነበረው ትምህርት በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ያልቃል ብሎ ጻፈ። ትንሽ ጉራ አለበት፤ የሠራው ሥራ ግን ጉራውን ይችላል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ያላየውን ሰው ዜማ ከወረቀት ላይ ማንበብ ቻለ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ድምፅ አንዱን ከአንዱ በላይ ጽፎ ማጣመርም ተቻለ። ሲምፎኒ የምትሉት ሁሉ የቆመው በዚያች መስመር ላይ ነው። ማተሚያ እንኳን በኋላ ነው የደረሰው፤ ፔትሩቺ የሚባል አታሚ ቬኒስ ውስጥ የብዙ ድምፅ ሙዚቃን በተንቀሳቃሽ ፊደል ያተመው በ1501 ነው።

ማተሚያ ከመጣ በኋላም ቢሆን ብዙው ነገር የሚዞረው በእጅ ነበር። ባኽ በየስኬሉ፣ በ24ቱም፣ የጻፋቸው ፕሪሉዶችና ፉጎች (መግቢያ ሙዚቃዎችና አንዱ ድምፅ የሌላውን ዜማ እየተከተለ የሚገባባቸው ሥራዎች) የመጀመሪያው ክፍል በ1722 ተጠናቀቀ። የታተመው በ1801 ነው። ሰማንያ ዓመት ገደማ መምህር ለተማሪ፣ ተማሪ ለጓደኛው እየገለበጠ አቆየው። ቤትሆቨን ቦን ከተማ በልጅነቱ የተማረው በእንዲህ ያለ ቅጂ ነው። በ1783፣ የ12 ዓመት ልጅ እያለ፣ ከነዚህ አብዛኞቹን ይጫወታል ብሎ መምህሩ ኔፈ በመጽሔት ላይ ጽፎለታል። አድጎ ቪየና ከገባም በኋላ የሞዛርትን ኳርቴት፣ ለአራት መሣሪያ የተጻፈ ሥራ፣ ቁጭ ብሎ በእጁ ገልብጧል። ቤትሆቨን እኮ ነው!

ሞዛርትስ? 14 ዓመቱ ላይ ሮም ውስጥ አንድ መዝሙር ሰምቶ ማደሪያው ሲመለስ ከጆሮው ወደ ወረቀት እንደገለበጠው ሁሉም ያወራል። እኔ ግን የምወደው ሌላውን ነው። በ1789 ሞዛርት 33 ዓመቱ ነው፣ ስሙ አውሮፓን ሞልቷል። ላይፕሲግ ውስጥ ባኽ ያገለግልበት በነበረው ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ የባኽን ሥራ ሲዘምሩ ሰማ። እንደሚተረከው፣ ሙሉ ኖታው አልነበረም፤ ያለው የየዘማሪው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቶቹን ጉልበቱ ላይ፣ በእጆቹ፣ በዙሪያው ባሉ ወንበሮች ላይ ዘርግቶ ሁሉንም አይቶ እስኪጨርስ አልተነሣም አሉ። ከዚያም ቅጂ ይሰጠኝ ብሎ ለመነ።

ደራሲው ሃይድን በሌላ በኩል መገልበጥን የሚከለክል ውል ነበረበት። በ1761 ልዑል ኤስተርሃዚ ቤት ሲቀጠር ውሉ እንዲህ ይላል፤ ነጭ ካልሲ ይልበስ፣ በቀን ሁለቴ እየቀረበ ትእዛዝ ይጠብቅ፣ የጻፈውንም ለሌላ ሰው እንዳያስገለብጥ። ለልዑሉ ብቻ! ከዚያ በፊት ደግሞ ድምፁ ሲጎረምስ ከመዘምራን ተባርሮ፣ የአንድ ጣሊያናዊ የድምፅ መምህር ጫማ እየጠረገ ነበር ድርሰት የለቃቀመው።

ስለ ተሰጥኦ ልመለስ። ዛሬ ኮንሰርቫቶሪ ሲባል የተመረጡ ሰዎች ቤት ይመስላችኋል። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ መጠበቂያ፣ ማቆያ እንደማለት ነው። ኔፕልስ ውስጥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተቋቋሙት ኮንሰርቫቶሪዎች የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ነበሩ። ልጆቹ እንጀራ እንዲሆናቸው ሙዚቃ ይማራሉ። ሲያስገባቸው ጆሯቸውን የፈተነ የለም። ቬኒስ ውስጥም ደራሲው ቪቫልዲ በ1703 የተቀጠረው የተጣሉ ሕፃናት በሚያድጉበት ቤት ቫዮሊን ሊያስተምር ነው። ከብዙዎቹ ኮንሰርቶዎቹ ጀርባ ያሉት እነዚያ ሴት ልጆች ናቸው። ከመላው አውሮፓ ሰው እየመጣ ይሰማቸው ነበር። የእኛም ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ሲያልፉ የነሐስ ባንድ የሚጫወቱ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የምንላቸው እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ስለዚህ "ተሰጥኦ አለኝ?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ ከእንግዲህ የምመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ስንት መስመር ጻፋችሁ?

የመርፈዱ ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። የቪየናው ደራሲ ሹበርት ከ600 በላይ ዘፈኖች ጽፏል፣ ሲምፎኒዎች፣ ኳርቴቶች፣ ሶናታዎች ጽፏል። በ1828 ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ታሞ፣ ደክሞ፣ ዚሞን ዜክተር ወደሚባል የቪየና መምህር ሄደና "ኮንትራፑንክት አስተምረኝ" አለው። ድምፅን ከድምፅ የማስተባበርን ሥርዓት፣ ማለት እነ ባኽ የሚሠሩትን፣ ገና ተማሪ ሆኖ ሊቀመጥ ነው። በወሩ አራተኛ ቀን ተማረ። በወሩ 19ኛ ቀን ሞተ። 31 ዓመቱ ነበር።

ወደዚያው ዜክተር በ1855 ሌላ ሰው መጣ። አንቶን ብሩክነር ይባላል። የገጠር ትምህርት ቤት መምህርና ኦርጋን ተጫዋች ነው። እሱም በዚያ ዓመት 31 ሞላው። የሚኖረው ሊንስ ስለሆነ ትምህርቱ በአብዛኛው በፖስታ ነበር፤ መልመጃውን ሠርቶ ይልካል፣ ታርሞ ይመለስለታል። የርቀት ትምህርት በሉት። ዜክተር ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ የራስህን ድርሰት እንዳትጽፍ ብሎታል። ስድስት ዓመት ተማረ። በአንድ ጊዜ 17 ደብተር መልመጃ ቢልክለት መምህሩ ደንግጦ "ኧረ ለጤናህ እዘን" የሚል ደብዳቤ ጻፈለት። የመጀመሪያ ሲምፎኒው ተብሎ የተቆጠረው ሥራ መድረክ ላይ ሲወጣ ብሩክነር 43 ዓመቱ ነበር።

እኔ የ19 ዓመት ልጅ ረፍዶብሃል ብዬ የመለስኩት ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ቢያነበው ራሱን ያውቃል። አሁን አርባዎቹ ውስጥ መሆን አለበት። ደብተሩን እሰጠዋለሁ። ገጽ 31 ላይ፣ ሁለተኛው ባር ውስጥ፣ አንድ የሻርፕ ምልክት ዘልያለሁ። ሲገለብጥ ያርመው።