ለሃሎዊን ማታ ለልጆች የሚሆኑ የድሮ አስፈሪ ፊልሞች የትኞቹ ናቸው?

እኅቴ፣ የ12 እና የ16 ዓመት ልጆችዎ ለሃሎዊን ማታ ጓደኞቻቸውን ወደ ቤት ሊጠሩ እንደሆነ ገልጸው፣ ደም የማይበዛባቸው ግን በእውነት የሚያስፈሩ የድሮ ፊልሞች የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቀዋል። እኛ ሜሪላንድ ውስጥ ይህን ምሽት ከልጆቻችን ጋር ፊልም እያየን ስናሳልፍ አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ከረሜላ የሚሰበስቡት ልጆች ከየበሩ ሲመለሱ መብራት እናጠፋለን፤ ስልክ ሁሉ ወጥ ቤት ይቀመጣል። ዕለቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ስለሚውል፣ እናቴ ከእኛ ጋር በነበረችባቸው ዓመታት የማርያምን ዳቦ ቆርሳ ነበር ወደ ሶፋው የምትመጣው።

አንድ ብቻ ምረጥ ቢሉኝ የ1942ቱን «ካት ፒፕል» እመርጣለሁ። ፕሮዲዩሰሩ ቫል ሉተን ርዕሱን ከአርኬኦ የፊልም ኩባንያ ተቀብሎ፣ በትንሽ ገንዘብ ታሪክ እንዲፈልግለት ነበር የታዘዘው። ዣክ ቱርነር አዘጋጀው። ኢሬና የምትባል ከሰርቢያ የመጣች ሠዓሊ ኒውዮርክ ውስጥ ትኖራለች። በትውልድ መንደሯ ስለ ዘሯ የሚወራውን ታምናለች፦ ፍቅር ወይም ቅናት ሲቀሰቀስባት ግስላ እንደምትሆን። እናቴ ፊልሙ ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳይሄድ «ይህማ የቡዳ ወሬ ነው» አለች፤ ከዚያም ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አየችው።

ይህ ዝምታዋ ብዙ አሳስቦኛል። እኔ ባደግሁበት አካባቢ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ከማኅበር ይገለሉ፣ ልጆቻቸውም ጋብቻ ይነፈጉ ነበር። እኛ ልጆች ደግሞ እነርሱን እየፈራን አደግን። «ካት ፒፕል» ይህን ነገር ከሌላው ወገን ያሳያል፤ የሚወራባት ሴት ወሬውን ራሷ ስታምነው ምን እንደምትሆን። ባሏን ለመቅረብ ትፈራለች፤ ወደ አራዊት ማቆያው እየሄደች ግስላውን ስታየው ትውላለች። ልጆቼ መጀመሪያ ኢሬናን ፈሩ፤ በኋላ አዘኑላት፤ እያዘኑላትም ፍርሃታቸው አልለቀቃቸውም። እኔ በአስፈሪ ፊልም ውስጥ የምፈልገው ይህንን ነው።

አስፈሪነቱ ደግሞ በጆሮ የሚገባ ነው። አሊስ የምትባለው የኢሬና ባል የሥራ ባልደረባ ሌሊት በሴንትራል ፓርክ አጥር ጥግ ብቻዋን ትሄዳለች። ሙዚቃ የለም፤ የአሊስና ከኋላዋ የምትከተላት የኢሬና ጫማ ኮቴ ብቻ ይሰማል። ከዚያ አንደኛው ኮቴ ይቆማል። የሚሆነውን አልነግርዎትም፤ ነገር ግን ሳሎናችን ውስጥ የነበሩት ስድስት ልጆች በአንድ ጊዜ ዘለሉ። የሲኒማ ሰዎች ጸጥታውን አርዝሞ በድንገተኛ ድምፅ የማስደንገጥን ይህን ዘዴ እስከ ዛሬ «የሉተን አውቶቡስ» ይሉታል። የመዋኛ ገንዳው ትዕይንትም እንዲሁ ነው፤ ጥላና የውኃ ብልጭታ ግድግዳው ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ማጉረምረም ይሰማል፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ በቴሌቪዥኑ ደካማ ድምፅ አይመኑ፤ ድምፅ ማጉያ ካለዎት ያገናኙት።

ለ12 ዓመቱ ልጅና ለጓደኞቹ መጀመሪያ የማሳየው ግን የ1931ዱን «ፍራንከንስታይን» ነው፤ ርዝመቱ 70 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ጄምስ ዌል አዘጋጀው፤ ፍጡሩን የተጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ ነው። ፊልሙ ሲጀምር በተዋንያኑ ዝርዝር ላይ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተቀምጧል፤ ይህን ለልጆቹ አስቀድመው ያሳዩአቸው። ሐይቅ ዳር አንዲት ትንሽ ልጅ ሳትፈራው አበባ ትሰጠዋለች፤ አብረው አበባውን ውኃ ላይ እየጣሉ ሲንሳፈፍ ያያሉ። አበባው ሲያልቅ እርሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል። ይህ ቁራጭ ለብዙ ዓመታት ተቆርጦ ነበር፤ የተመለሰበትን ቅጂ ይፈልጉ፤ ቆራጮቹ ነገሩን አባሱት እንጂ አላለዘቡትም፤ ተመልካቹ ያላየውን የከፋ አድርጎ ይገምታልና። ታናሿ ልጄ አሥር ዓመቷ ነበር። «ማን አስተማረው? ማንም አላስተማረውም እኮ» ብላ አለቀሰች።

የዚያው ዓመት «ድራኩላ» ቤታችን ውስጥ እምብዛም አልያዘም። ቤላ ሉጎሲ ግሩም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የቤተ መንግሥቱ ትዕይንቶችም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሰዎች ሳሎን ውስጥ ቆመው ማውራት ያበዛሉ፣ ልጆቹም ፈንዲሻ ፍለጋ ይነሣሉ። ሥዕል የሚወድ ልጅ ካለዎት በምትኩ የ1922ቱን ድምፅ አልባ «ኖስፌራቱ» ይሞክሩ። የ«ድራኩላ» መጽሐፍ ደራሲ ባለቤት ታሪኩ ያለ ፈቃድ ተወስዷል ብላ ከስሳ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ወስኖ ነበር፤ በየአገሩ ተበትነው የነበሩት ስለተረፉ ነው ዛሬ የምናየው።

የ16 ዓመቱን ለብቻ ያስቀምጡልኝ። «ሳይኮ» (1960) ለእርሱ ይሆናል፣ ለታናሹ አይሆንም። የ1978ቱ «ሃሎዊን» ደሙ ጥቂት ቢሆንም ራቁትነት አለበት። የ1968ቱን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ግን እርስዎም አብረውት ተቀምጠው ይዩት። ደምን በተመለከተ ከጠየቁት ትንሽ ያልፋል፤ አስቀድመው ይወቁት። ርዕሱ ሲቀየር የባለቤትነት መብት ማሳወቂያው ሳይጻፍ ስለቀረ ማንም በነፃ ሊያየው ይችላል። ዋናውን ሰው ቤንን የተጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነው፤ ፊልሙ ስለ ቆዳው ቀለም አንድ ቃል እንኳን አይናገርም። ቤቱ በሙታን ተከቦ ሳለ የሚያስበው፣ በር የሚቸነክረው፣ ሌሎቹን የሚያረጋጋው እርሱ ነው። መጨረሻውን ልጅዎ ራሱ ይየው። የእኔ ልጅ ያን ሌሊት መብራቱ ከበራ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኝ፤ ትምህርት ቤት ሲመላለስ እንዴት እንደሚያዩት፣ አምሽቶ ሲመለስ ኮፍያውን ለምን ከራሱ እንደሚያወርድ። ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም።

ጋኔን ስለያዛት ልጅ የሚያወራውን «ዘ ኤክሶርሲስት»ን ብዙዎች ይመክሩዎታል። የተዋጣለት ሥራ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ዘመዶቻችንን ጠበል ይዘን የሄድን፣ ጩኸቱን በጆሯችን የሰማን ሰዎች ነን፤ እናቴ ግማሹ ላይ ተነሥታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች፣ እኔም አጠፋሁት። ልጆች ለጨዋታ በተሰበሰቡበት ምሽት አላሳየውም።

እንግዲህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ «ፍራንከንስታይን»፣ ከዚያ ትንሽ ዕረፍት፣ ከዚያ «ካት ፒፕል»። «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን ለሌላ ቀን፣ ለትልቁ ልጅና ለእርስዎ ብቻ ያቆዩት። የሚያድሩ እንግዶች ካሉ የኮሪደሩን መብራት አያጥፉባቸው፣ እርስዎም ጫማዎን አውልቀው ይሂዱ፤ ከ«ካት ፒፕል» በኋላ የኮቴ ድምፅ ሲሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።