የእንግሊዝ ክለቦች በእንግድነት ስላነሱት የዌልስ ዋንጫ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። የዌልሱ ክለብ ሬክሰም ታዋቂ ከሆነ ወዲህ ስለ ዌልስ ዋንጫ የማትጠይቁኝ ቀን የለም። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። አንድ አደራ ብቻ፦ የዌልስ ዋንጫ ሌላ፣ የእንግሊዙ ኤፍኤ ካፕ ሌላ። አትቀላቅሉብኝ።

ከአዳማ፦ የእንግሊዝ ክለብ በሰው አገር፣ በዌልስ ዋንጫ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር?

መልስ፦ ተጋብዞ ነበር የሚገባው። የዌልስ ዋንጫ በ1877 ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ፍጻሜ በ1878 ሬክሰም ድሩይድስን 1 ለ 0 አሸንፎ ወሰደ። ካርታ አውጡና ሬክሰምን ፈልጉ። እንግሊዝ ውስጥ ያለችው ቼስተር በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ናት። ካርዲፍ ግን እዚያው ዌልስ ውስጥ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ቼስተር፣ ሽሩስበሪና ሄሪፎርድ ያሉ የድንበር ከተማ ክለቦች ጎረቤት ሆነው ተጋበዙ። ደግሞ አጃቢ አልነበሩም። ሽሩስበሪ ዋንጫውን 6 ጊዜ በልቶታል።

ከሐዋሳ፦ እንግሊዞቹ ካሸነፉ ዌልስን ወክለው አውሮፓ ይሄዱ ነበር?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አይሄዱም ነበር። እንግዳው ዋንጫውን ያነሳ ነበር፣ የአውሮፓው ቦታ ግን ለዌልሱ ክለብ ይቀር ነበር። ለእኔ ውድድሩን ያሳመረው ይሄ ነው፤ እንግዶቹ ለትንሹ ክለብ ትልቅ ተጋጣሚ ያመጡለት ነበር፣ እንጀራውን ግን አይነኩበትም ነበር።

በ1984 ሽሩስበሪ ሬክሰምን በፍጻሜ አሸነፈ። ወደ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ (የየአገሩ ዋንጫ አሸናፊዎች ይጋጠሙበት ወደነበረው የአውሮፓ ውድድር) የሄደው ግን የተሸነፈው ሬክሰም ነው። የዌልስ ክለብ ቢሆንም ያኔ በእንግሊዝ አራተኛ ዲቪዚዮን ነበር የሚጫወተው። የደረሰው ፖርቶ ነው፤ ከወራት በፊት የዚያኑ ውድድር ፍጻሜ ከዩቬንቱስ ጋር የተጫወተው ፖርቶ! ሬክሰም ሜዳው ላይ 1 ለ 0 አሸነፈ። ፖርቱጋል ላይ 4 ለ 2 እየተመራ፣ ሊያልቅ ሲል ባሪ ሆርን አንድ አገባ። 4 ለ 3 ተሸነፉ። ድምሩ 4 ለ 4 ሆነ፤ ያኔ ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጭ ብዙ ያገባው ያልፍ ስለነበር ሬክሰም አለፈ። በቀጣዩ ዙር ሮማ አስወጣቸው።

በዓመቱ ሽሩስበሪ እንደገና አሸነፈ፣ በፍጻሜ የተረታው ባንጎር ሲቲ ሄዶ አትሌቲኮ ማድሪድን ገጠመ። በ1990ም ሄሪፎርድ ዋንጫውን ሲወስድ ሬክሰም ሄደ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ደረሰውና በደርሶ መልስ 5 ለ 0 ተሸነፈ።

ከባህር ዳር፦ ዩናይትድ እኮ ያን ዓመት በፍጻሜ ባርሴሎናን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫ በልቷል። ይመዝገብልን።

ከጎንደር፦ ያን ዓመት የእንግሊዝን ሊግ ማን በላ? አርሰናል! አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ።

ከባህር ዳር፦ በ1992 ያ ሻምፒዮን አርሰናል ወደ ሬክሰም ሄዶ ምን ሆነ? የሬክሰሙ ሚኪ ቶማስ ቅጣት ምት ትዝ አይልህም? ሬክሰም 2 ለ 1 አሸነፈ!

መልስ፦ በቃ። ሁለታችሁም ያላችሁት ልክ ነው። ግን የ1992ቱ ጨዋታ ኤፍኤ ካፕ ነው፣ የዌልስ ዋንጫ አይደለም። ወደ ርዕሳችን እንመለስ።

ከዱባይ፦ ካርዲፍ አርሰናልን ያሸነፈው ታዲያ በዌልስ ዋንጫ ነው?

መልስ፦ አይደለም! አሁን ምን አልኩ? እሱም ኤፍኤ ካፕ ነው። እዚያ ደግሞ እንግዳው የዌልሱ ክለብ ነው። ግን ካነሳችሁት አይቀር በደንብ ልንገራችሁ። ኤፕሪል 23፣ 1927፣ ዌምብሌይ። ሂዩይ ፈርጉሰን ከርቀት መታ። ኳሷ ያን ያህል ከባድ አልነበረችም። የአርሰናሉ በረኛ ዳን ሉዊስ ተንበርክኮ ያዛት፣ ከእጁ አመለጠች። ዞሮ ሊደርስባት ሲሞክር በክርኑ ነካትና መስመሩን አልፋ ገባች። 1 ለ 0። ዋንጫው ከእንግሊዝ የወጣው ያኔ ብቻ ነው። ሉዊስ ራሱ ዌልሳዊ ነበር። ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከአዳማ፦ ስዋንዚም በዌልስ ዋንጫ አይደል ዩሮፓ ሊግ የገባው?

መልስ፦ በ2013 የእንግሊዝ ሊግ ካፕን አሸንፎ ነው። ብራድፎርድን 5 ለ 0። ሦስተኛ ጊዜ ልበል፦ የእንግሊዝ ዋንጫና የዌልስ ዋንጫ ይለያያሉ።

ከደሴ፦ የእኛም አገር ዋንጫ የውጭ ክለብ ቢጋብዝ ምን ይመስልሃል?

መልስ፦ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ከዋሽንግተን፦ ግብዣው ለምን ቀረ?

መልስ፦ ዌልስ በ1992 የራሷን ብሔራዊ ሊግ አቋቋመች። ዋንጫውም ከዚያ ሊግ ሥርዓት ጋር ተሳሰረ። በእንግሊዝ ሊግ የሚጫወቱ ክለቦች የተካፈሉበት የመጨረሻ ፍጻሜ የ1995ቱ ነው፤ ሬክሰም ካርዲፍን 2 ለ 1 አሸነፈ። ከዚያ እንግሊዞቹ ብቻ ሳይሆኑ በእንግሊዝ ሊግ የሚጫወቱት የዌልስ ክለቦች ካርዲፍ፣ ስዋንዚና ሬክሰምም ወጡ። አገሪቱ የራሷ ሊግ ያስፈልጋት ነበር፣ እሱ ይገባኛል። ግን ዋንጫውን 23 ጊዜ የወሰደውን ሬክሰምን ከራሱ አገር ዋንጫ ማስወጣት አሁንም አይዋጥልኝም።

ከሐዋሳ፦ የቱ ክለብ ይሻላል?

መልስ፦ በምን? ጥያቄህን አብራራው።

ከዱባይ፦ ሬክሰም የዘንድሮውን የዌልስ ዋንጫ የማሸነፍ ዕድሉ ስንት ነው?

መልስ፦ አይሳተፍም። ከላይ ያለውን አንብብ።

ከጎንደር፦ ዛሬስ ከእንግሊዝ ምድር የሚጫወት አለ?

መልስ፦ አለ፤ ዘ ኒው ሴንትስ የሚባል ክለብ። መነሻው ዌልስ ውስጥ ያለች መንደር ናት፣ በ2003 ከኦስዌስትሪ ታውን ጋር ተዋሃደ። ሜዳው ድንበር ተሻግሮ እንግሊዝ ውስጥ ኦስዌስትሪ ነው። ግን የዌልስ ሊግ አባል ነው እንጂ እንግዳ አይደለም፣ ስለዚህ አውሮፓም ይሄዳል። በኦክቶበር 2024 በኮንፈረንስ ሊግ የካዛክስታኑን አስታና 2 ለ 0 አሸነፈ። የሜዳው ጨዋታ ነው የተባለው፣ የተጫወቱት ግን ሽሩስበሪ ስታዲየም ነው። ያ 6 ጊዜ ዋንጫ አንስቶ በዌልስ ስም አንድም ጊዜ አውሮፓ ያልሄደው ሽሩስበሪ።